ስመጣ ወፍራ ትጠብቀኝ

ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድሽ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከእንፋሎት መሀል እየወጣ ይድረስሽ። ትንሽ ሳሙና ሳሙና ቢልሽ አትቀየሚኝ፤ ውሎዬ ከአንሶላ ጋር ነው። ጤናሽ፣ ዓይንሽ፣ የስፌት መኪናሽ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። የገባሁበት ሥራ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ነው። ምድር ቤት ሆኜ የሽማግሌዎቹንና የአሮጊቶቹን ልብስ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ አጥፋለሁ፣ በጋሪ እየገፋሁ ወደየክፍላቸው አደርሳለሁ። ከአንቺ ሙያ ብዙም አልራቅኩም። አንቺ ትሰፊዋለሽ፣ እኔ ውሃ ነክሬ አሳጥረዋለሁ።

የጻፍኩት ስለ እማዬ ልጠይቅሽ ነው። በስልክ ብጠይቃት መልሷን ታውቂዋለሽ፤ ሒሳብ እንዳይቆጥርብኝ ብላ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ትልና ትዘጋዋለች። ደግሞም ስልክ ለማንሳት መንገድ ተሻግራ ብረታ ብረት ሱቁ ድረስ መሄድ አለባት፣ ባለሱቁም ጆሮውን ቀስሮ ነው የሚሰማት። እውነቱን አንቺ ጻፊልኝ።

የተለያየንበት ቀን ከፊቴ አልጠፋ አለ። ስኳሩ እንዴት አድርጎ ጨርሷት ነበር! ሰዓቷ ክንዷ ላይ ሲንሸራተት፣ ስታቅፈኝ የትከሻዋ አጥንት ሲወጋኝ። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በመስኮት አይቷት «አያትህ ናቸው?» አለኝ። አያትህ! አዎ አልኩት።

አደራ አክስቴ፣ በሰዓቱ ትብላ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውሰድ። ይህንን ደግሞ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፦ እማዬ፣ በመጪው ክረምት እመጣለሁ። ስመጣ ወፍረሽ ጠብቂኝ። ጉንጭሽን ስስም አጥንት እንዳልስም!

ልጅሽ፣ አጣቢው


ኅዳር 26 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአጣቢው፣

እኔ አክስትህ ከመኪናዬ ጀርባ ተቀምጬ እንደምን ከረምክ እላለሁ። አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ፣ የምታጥበውን አንሶላ ያህል ዕድሜ ይስጥህ። እኛ ደህና ነን። መኪናዬ አርጅታ መንተባተብ ጀምራለች እንጂ ሥራ አልተወችም። የእኔው ስኳርም እንደ ባለቤቱ ነገረኛ ነው፣ ግን ተከባብረን እንኖራለን።

ደብዳቤህን ለእትዬ አነበብኩላት። እንደምታውቀው የእናትህ ዓይን ከደከመ ወዲህ ያንተን የዶሮ ጭረት አይለይም። «አያትህ ናቸው» ያልከው ቦታ ስደርስ ልዘለው አስቤ ነበር፣ ምላሴ ቀደመኝ። ተነሳችና ደንበኞቼን በማስለካበት መስታወት ፊት ቆማ፣ ቀሚሷን ከጎኗ ጨብጣ ትርፉን ተመለከተችው። «እውነቱን ነው» አለች። «ኧረ ወዲያ! ሰውዬው መነጽሩን ረስቶ ነው» ብላት ሳቀች። ስለ ክረምቱ ያልከውን ግን ሦስቴ አስነበበችኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ለእሷ አላነበውም።

እንዳልነግርህ አስምላኛለች፣ እኔ ደግሞ ሆዴ ነገር አይቋጥርም። ባለፈው ወር ትንፋሽ እያጠራት፣ እግሯ እያበጠ ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ስኳሩ ብቻ አይደለም፣ ልቧም ደክሟል አለን። «ያልደከመ የማን ልብ አለ?» ብዬ ልቀልድ ብል አልሳቀልኝም። ልቧ ደሙን በደንብ መግፋት ስላቃተው ውሃ ሰውነቷ ውስጥ እየተኛ ነው አለ። የስኳሯን ክኒን አስተካከለ፣ ለልቧ አንድ ጨመረ፣ ለውሃው ደግሞ የሚያሸና ክኒን ሰጣት፤ ጠዋት ሁለት፣ ከምሳ በኋላ አንድ። በእጄ ቆጥሬ እሰጣታለሁ፣ በፊቴ ትጎርሰዋለች። የሚያሸናው ጉድ ነው! እብጠቱን ሙልጭ አድርጎ ወሰደው፣ ትንፋሿም ተመለሰ። ክፋቱ፣ እብጠቱ ሲሄድ ያቺው አንተ ያየሃት እትዬ ከሥሩ ወጣች። ይባስ ከሳች።

የደበቀችህ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ ብላ ነው። እንዳልሰማህ ሁን፤ ካወቀች እኔን ነው የምታባርረኝ። ቢሆንልህ ጥሩ የእጅ መርፌ ላክልኝ፣ እዚህ የሚሸጠው ገና ጨርቅ ሲያይ ይጎብጣል። እትዬ ገንዘብ አትላክ ብላለች። እኔ ግን አላልኩም።

አክስትህ


ጥር 30 ቀን

ለእማዬና ለአክስቴ፣

ሁለታችሁም ጎን ለጎን ተቀመጡና ሰላምታዬን እኩል ተቀበሉ። መርፌዎቹን ከደብዳቤው ጋር አድርጌያለሁ፤ ፖስታውን ስትከፍቺ ጣትሽን እንዳትወጊ።

እዚህ አንድ ጉድ አለ። በማለዳ ጋሪዬን ይዤ ፎቅ ስወጣ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። የምትመዝናቸው ዋናዋ ነርስ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት፤ ወታደሯ ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ። አንዱ ከትናንት ዛሬ ወፍሮ ከተገኘ ያቺ ኮስታራ ሴትዮ እየሮጠች ወደ ሐኪሙ! እኛ ጋ ቢሆን እልል ይባልለት ነበር። እዚህ ሰው ወፈረ ተብሎ ይሮጣል። እማዬ፣ ቃልሽን ከጠበቅሽ ወታደሯን ባላሳይሽ ይሻላል፣ ሮጣ አገር ታቋርጣለች።

የክረምቱን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አለቃዬ «እናያለን» ብሏል፤ እዚህ እናያለን ማለት እሺም አይደል፣ እምቢም አይደል። እኔ ግን ልቤ ከወዲሁ መንገድ ጀምሯል። እማዬ፣ እንዴት ነው፣ ጉንጭ ወጣ?

አክስቴ፣ ይህ ለአንቺ ብቻ። እንዳልሽኝ አልሰማሁም። ግን አንሶላ እያጠፍኩ ትዝ ሲለኝ እጄ ቀጥ ይላል። የልብ ድካም ይድናል ወይ? ሰው ልጠይቅ ብል ቋንቋቸው ገና አፌ ላይ ይንገዳገዳል፤ እጠብ ሲሉኝ ማጠብ፣ እጠፍ ሲሉኝ ማጠፍ ነው የማውቀው። እባክሽ ክኒኑ አንድ ቀን እንዳይዛነፍ። ለእሷ በሚነበበው ላይ ስለ መወፈር ብቻ የምጽፈው እንዳልነቃሁ እንዲመስላት ነው።

ልጃችሁ


መጋቢት 21 ቀን

ይድረስ ለማትነቃው የእህቴ ልጅ፣

እልል በል! ሰላምታውን ኋላ እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ እልል በል። እናትህ ወፍራለች።

ዓይን አይግባባት እንጂ ፊቷ ሞልቷል። ሰዓቷ መንሸራተት ትቶ ክንዷ ላይ አሻራውን ይተዋል። ቀለበቷ በሳሙናም አልወልቅ ብሏል። ለአንተ መምጫ ብዬ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍቼላት ነበር። በወሩ ጠበባት፣ ስፌቱን ፈትቼ አሰፋሁት። ደግሞ ጠበባት። አሁን የተረፈ ጨርቅ ስለሌለው ከጎንና ከጎኑ ሌላ ቅጥያ ጨርቅ አስገባሁበት። ዕድሜ ልኬን ስፌት ስፈታ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መስታወቱ ፊት ቆማ «አሁንስ አያቱ እመስላለሁ?» ትለኛለች። «አሁንማ እኔ ነኝ እናትሽ የምመስለው» እላታለሁ። ደንበኞቼ ሁሉ ምን እየበላች ነው ይሉኛል። የልጇን ደብዳቤ እላቸዋለሁ።

መድኃኒቷን ሁሉንም ከእጄ ነው የምትወስደው፣ ስኳሯም ተስተካክሏል። ትንፋሿ ደረጃ ላይ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ የወፈረ ሰው መቼም ያለከልካል። ስትተኛም ትራስ በትራስ ላይ ደራርባ እንደ ንግሥት ደገፍ ብላ ነው። ጫማዋ እምቢ ስላላት የእኔን ነጠላ ጫማ ወርሳለች። የሐኪም ቀጠሮዋ ደርሶ ነበር፣ «ደህና ሰው ምን ሊሠራ ይሄዳል? ልጄ ሲመጣ እሱ ይወስደኛል» ብላ አስቀረችው። እኔም አልጎተጎትኳት፣ ደስታዋን ላደፈርስ አልፈለግኩም።

ፎቶ አስነስቼ ልኬልሃለሁ። ቀሚሱን ልብ ብለህ እየው፣ ቅጥያው የት እንደሆነ ካገኘህ ሰፊ አይደለሁም! አዝራሮቹን ግን አትይ። የዘንድሮ ፋብሪካ አዝራሩን ሳይበሳ መሸጥ ጀምሯል መሰለኝ፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ከጣሳዬ አንዱን ነጭ አንስቼ መርፌ ላስገባበት ብል ቀዳዳ የለው! መልሼ ወረወርኩትና ሌላ ፈለግኩ።

ቆይ፣ ልዘጋው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያቺ ወታደር ያልካት ነርስ፣ ሽማግሌዎቹ ሲወፍሩ ለምንድን ነው የምትሮጠው? ዝም ብዬ ነው፣ ቀሚሱን ስቀጥል ሐሳቤ ውስጥ ገባብኝ። ስትጽፍ መልሱን አትርሳ።

አክስትህ


ግንቦት 4 ቀን

አክስቴ ዓለሜ፣ እማዬ፣

መልስ በማዘግየቴ ይቅር በሉኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል፣ ግን ባዶ እጄን ልጽፍላችሁ አልፈለግኩም። የፈቃዴ ነገር እስኪለይለት ያዝኩት። ለየለት! ሐምሌ መጀመሪያ እመጣለሁ። ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶ እጄ ገብቷል!

እማዬ፣ ፎቶሽን ማጠቢያው መኪና ላይ ለጥፌዋለሁ። የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ እየጠራሁ እናቴን ተመልከቱ እላለሁ። እንዴት አምሮብሻል! ያ አውቶቡስ ውስጥ የነበረው ሰውዬ አሁን ቢያይሽ ለትዳር ይጠይቀኝ ነበር። ቃልሽን ጠበቅሽልኝ። አክስቴ፣ ቅጥያውን አላገኘሁትም፣ ሰፊ ነሽ።

የወታደሯን ነገር ረስቼው ነበር። ነገ ጋሪ ይዤ ስወጣ እጠይቃትና ከታች እጨምርበታለሁ።

አክስቴ፣ ይህን የምጽፈው በማግስቱ ነው። ለእማዬ አታንብቢላት።

ፎቶውን ይዤ ወደ ወታደሯ ወጣሁ። ቋንቋዬ ባይሞላም በጣት እያገዝኩ ነገርኳት። ሳቅ ትላለች ብዬ ነበር። የእማዬን ፊት አላየችም አክስቴ፣ እግሯን ነው ያየችው። ነጠላ ጫማው ውስጥ ያበጠውን እግሯን። «በስንት ትራስ ነው የምትተኛው?» አለችኝ። እንዴት አወቀች? ልብ ሲደክም የሚመጣው ክብደት ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው አለችኝ። የምትሮጠው ለዚያ ነው። ዛሬ ሐኪም ታግኝ አለችኝ፣ የሚያሸናው መድኃኒት ወይ አልበቃትም ወይ አልወሰደችውም አለች። «ዛሬ» የምትለውን ቃል ደጋግማ አለችኝ፣ ያልገባኝ መስሏት።

ብረታ ብረት ሱቁ ደወልኩ። ይጠራል፣ አያነሱም። ከሰዓት በኋላም ደወልኩ። ይጠራል። ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ ለሚመጣ ሰው እሰጠዋለሁ። አክስቴ እባክሽ፣ ሱቅሽን ዝጊና ይዘሻት ሂጂ። ቀሚሱን ተይው። ይዘሻት ሂጂ።


ግንቦት 29 ቀን

ልጄ፣

አምላክ ያጽናህ። እኔንም እንደሚያጸናኝ እንጃ።

ስልኩን ባለሱቁ ደውሎ እጄ ላይ ሲያስይዘኝ ከማልቀስ በቀር አንድ ቃል አልወጣኝም። አንተም «አክስቴ፣ አክስቴ» እያልክ ቀረህ። ስለዚህ እንደ ድሮው በደብዳቤ ልንገርህ።

ስልኩ ይጠራል አያነሱም ያልከው ቀን፣ ሱቁ የተዘጋው ባለሱቁ እኛን በጭነት መኪናው ሆስፒታል ወስዶን ነው። ጠዋት መስታወቱ ፊት ቆማ ሳለች ነው የወደቀችው። መተንፈስ አቃታት፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ሐኪሙ ቅልጥሟን በአውራ ጣቱ ጫን ሲል ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። በሊጥ ላይ ጣት እንደማሳረፍ ነው። እኔ ያንን ሥጋ ነበር ሳሰፋለት የከረምኩት። «የሚያሸናውን ስንት ትወስዳለች?» አለኝ። «ጠዋት ሁለት፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ ከእጄ!» ብዬ ጮህኩበት። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በመርፌ መድኃኒት ሰጧት፣ ውሃው ወረደ። ትንፋሿ ሲመለስ ተስፋ አደረግኩ። ከዚያ ክንዷን ከአንሶላው አውጥታ አየችው። ሰዓቷ ተንሸራተተ። «ስንት ቀን ቀረው?» አለችኝ። ሐምሌ መሆኑን ገና አናውቅም፣ ደብዳቤህ አልደረሰንም። «ደርሷል» አልኳት። «እስከዚያ መልሼ እወፍር ይሆን?» አለች።

ከዚያ ራሷ ነገረችኝ። የሚያሸናውን ከምላሷ ሥር እየያዘች፣ እኔ ዞር ስል አዝራር ጣሳዬ ውስጥ ትከተው ነበር። የስኳሩን ትውጣለች፣ ምክንያቱም ስኳሩ ነው ያከሳት። የሚያሸናውን ትተፋለች፣ ምክንያቱም እሱም ያከሳል። «እኔ እኮ አልጣልኩትም» አለችኝ፣ እንደ ልጅ። «ልጄ አይቶኝ ሲመለስ እውጠዋለሁ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።» ልቆጣት ፈለግኩ፣ ልሳደብ ፈለግኩ። ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ መለስኩላት እንጂ ምን አደርጋለሁ? በማግስቱ ልቧ እምቢ አለ። እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

ከቀብር መልስ ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። ነጭ የሸሚዝ አዝራርና ነጭ ክኒን ተቀላቅሎ። ስንት ጊዜ እጄን የከተትኩበት ጣሳ! ያ ቀዳዳ የሌለው አዝራር! ከጣቴ ላይ ነበር እኮ ልጄ። በፋብሪካው ስቀልድ ከጣቴ ላይ ነበር።

ያንተ ደብዳቤ ከተቀበረች በኋላ ደረሰ። ሐምሌ የሚለውን ብቻ መቃብሯ ላይ አነበብኩላት።

አንተ ራስህን እንዳትወቅስ። አንተ ጻፍክ፣ እኔ አነበብኩ፣ እሷ ሰማች፤ ሦስታችንም በፍቅር ነው ያደረግነው። ሰማያዊው ቀሚስ መስታወቱ አጠገብ ተሰቅሏል። ወደ ልኩ ልመልሰው ብዬ መቀስ አነሳሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ሥራም ቀንሻለሁ፣ መኪናዬ ፊት ብዙ አልቀመጥም። ሐዘን ነው መሰለኝ እግሬ ፔዳሉ ላይ ይከብደኛል፣ ማታ ስተኛም ደረቴን ጫን ይለኛል። ያልፋል።

አክስትህ


ሰኔ 15 ቀን

አክስቴ፣

ሰላምታ አጣሁ። እንደምን አለሽ ልበል ብዬ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ።

ተቆጥቼሽ ነበር፣ አልደብቅሽም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማን አድገን፣ እሷ ከእኔ ሸሸገች፣ እኔ ማወቄን ከእሷ ሸሸግኩ፣ አንቺ በመሀል ከሁለታችንም። ልብሽ እንደታመመ አውቃለሁ እማዬ፣ መክሳትሽ ግድ የለም፣ ብቻ ክኒንሽን ዋጪ ብዬ አንድ መስመር ብጽፍ ኖሮ! አንድ መስመር! እኔ ግን ጉንጭ ወጣ ወይ ስል ከረምኩ። አሁን ቁጣው ወጥቶልኛል። የቀረው እንባ ብቻ ነው፣ እሱንም እንፋሎቱ ይደብቅልኛል።

ወታደሯ ሰማች። ማጠቢያ ቤት ወርዳ አታውቅም፣ ወረደች። አንሶላውን በአንድ ጫፍ ይዛ አብራኝ ስታጥፍ ቆየች።

ፈቃዴ አልተለወጠም። ሐምሌ እመጣለሁ። ቀሚሱን አትንኪው። እንደሰፋ ይቆየኝ፣ እሷ እንዳየው የፈለገችውን ልየው።

አሁን ስለ አንቺ። «እግሬ ይከብደኛል፣ ደረቴን ጫን ይለኛል፣ ያልፋል» ብለሽ ከታች ጣል ያደረግሽውን አይቼዋለሁ። ሐዘን ነው አትበይኝ። አንቺም ስኳር አለብሽ። ይህን ደብዳቤ እንዳነበብሽ መነጽርሽን ዓይንሽ ላይ አድርጊና ቅልጥምሽን በአውራ ጣትሽ ጫን በይው። ጉድጓድ ከቀረ ለባለሱቁ ንገሪው፣ መኪናውን ያስነሳ። ባይቀርም ሂጂ። የሚሰጡሽን ሁሉ በውሃ ዋጪው፣ ደግሞ አፍሽን ከፍተሽ ለባለሱቁ አሳዪው። ሳቂብኝ፣ ግን አሳዪው።

እኔ ምንም አላመጣም፣ ሚዛን ብቻ ነው የማመጣው። በየማለዳው አወጣሻለሁ፣ ብትወፍሪ እኔ ነኝ የምሮጠው።

አክስትዬ፣ ክር አክለሽ ጠብቂኝ። ሳቅፍሽ አጥንትሽ ይውጋኝ። ብቻ ጠብቂኝ።

ልጅሽ